ከፓኬቱ ፊት የሚተው ቦታ፦ የኔትወርክ ድራይቨር በፈሩን እንዴት ይያዝ?

የዛሬው ርእሳችን ጥቂት ባይቶች ናቸው፤ አንዳንዴ 2፣ ብዙ ጊዜ 64፣ ሲበዛ 256። በኔትወርክ የሚተላለፈው የዳታ ጥቅል፣ ፓኬቱ፣ ገና ሳይመጣ ወይም ገና ሳይጻፍ ከሚቀመጥበት የሜሞሪ ቦታ፣ ከበፈሩ፣ መጀመሪያ ላይ ባዷቸውን የሚተዉ ባይቶች። ሲበቁ የሚያስታውሳቸው የለም። ሲያንሱ ግን ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ ወይ የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነሉ እዚያው ይወድቃል፣ ወይ ሳይወድቅ ለእያንዳንዱ ፓኬት አዲስ በፈር እየመደበና ኮፒ እያደረገ ይንቀረፈፋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው፤ ምንም ድምፅ አያሰማምና።

ምሳሌዎቼን የምወስደው ከሊኑክስ ከርነል ነው። የፈንክሽኖቹን ስም እንደሚነበቡ እጠራቸዋለሁ፤ ኮዱን ስትከፍቱ አታጧቸውም።

ወረቀት ያላችሁ አንድ ረጅም ሣጥን አግድም ሳሉ። ይህ ከሜሞሪ የተመደበው በፈር ነው። ኤስኬ በፍ የሚባለው ስትራክት፣ ማለትም የመረጃ መዋቅር፣ ሣጥኑን በአራት ፖይንተሮች፣ በአራት አድራሻ ጠቋሚዎች፣ ይገልጸዋል። ሄድ ግራ ጫፉ ላይ፣ ኤንድ ቀኝ ጫፉ ላይ ይቆማሉ፤ በፈሩ ራሱ እስካልተቀየረ ድረስ ሁለቱ አይነቃነቁም። ዳታ ፓኬቱ የሚጀምርበትን፣ ቴይል ያለቀበትን ያሳያሉ። በሄድና በዳታ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሄድሩም፣ በቴይልና በኤንድ መካከል ያለው ቴይልሩም ይባላል። ከኤንድ በኋላስ? እዚያ ባዶ አይደለም። በዚያው በተመደበው ሜሞሪ ላይ ሼርድ ኢንፎ የሚባል ሌላ ስትራክት ተቀምጧል፤ በ64 ቢት ማሽን፣ በተለመደው አወቃቀር 320 ባይት ይይዛል። 48ቱ ጠቅላላ መረጃ ነው፤ ቀሪው 17 ፍራግመንቶች፣ ማለትም ከዚህ በፈር ውጪ የተቀመጡ የፓኬቱ ቁርጥራጮች፣ የሚመዘገቡበት፣ እያንዳንዳቸው 16 ባይት የሆኑ ክፍሎች ነው። ይህችን 320 በወረቀታችሁ ጥግ ጻፏት፤ እንፈልጋታለን።

ፖይንተሮቹን የሚያንቀሳቅሱ አራት ፈንክሽኖች አሉ። ፑት ቴይልን ወደ ቀኝ ይገፋል። ፑሽ ዳታን ወደ ግራ ስቦ ለሄደር፣ ከጭነቱ ፊት ለሚጻፈው የራስጌ መረጃ፣ የሚሆን ቦታ ያወጣል። ፑል የዚያ ተቃራኒ ነው። ሪዘርቭ ደግሞ ዳታንና ቴይልን እኩል ወደ ቀኝ ያሻግራል፤ ርዝመቱን አይነካም። ፑትና ፑሽ ድንበር ይፈትሻሉ፤ ከታለፈ «ኦቨር ፓኒክ» ወይም «አንደር ፓኒክ» ብለው ከርነሉን ያስቆማሉ። ሪዘርቭ ግን ምንም አይፈትሽም፤ ሁለት መደመር ብቻ ነው። ስለዚህ የሚጠራው በፈሩ ባዶ ሳለ ነው። ፑት ከተጠራ በኋላ ብትጠሩት የፓኬቱ መጀመሪያ ይሸሻል፣ መጨረሻውም ኤንድን አልፎ ሊሄድ ይችላል፤ ከርነሉ ግን በዚያች ሰዓት ዝም ይላል።

ቦታው ከፊት የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። ለመላክ ወደ ታች የሚወርድ ፓኬት በየደረጃው ከፊቱ ሄደር ይጨመርበታል፦ ቲሲፒ ቢያንስ 20፣ አይፒ ቨርዥን 4 ቢያንስ 20፣ ኢተርኔት 14። ከላይ ያለው ክፍል አስቀድሞ ለሁሉም የሚበቃ ቦታ ካልተወ እያንዳንዱ ደረጃ አዲስ በፈር መመደብ ሊኖርበት ነው። ችግሩ ቦታውን የሚይዘውና የሚጠቀምበት የተለያዩ መሆናቸው ነው። የሚይዘው ቀድሞ ነው፤ ፓኬቱ በየትኛው ካርድ፣ ፓኬትን በሌላ ፓኬት ውስጥ አሽጎ በሚያሳልፍ በየትኛው ቶነል እንደሚወጣ ላያውቅ ይችላል። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህች ነጥብ ነው።

በመቀበያው በኩል እንጀምር። የኢተርኔት ሄደር 14 ባይት መሆኑ የማይመች ቁጥር ነው። በፈሩ በ16 በሚካፈል አድራሻ ላይ ቢጀምር የአይፒ ሄደሩ 14 ላይ ያርፋል፤ 14 ደግሞ ለ4 አይካፈልም። በውስጡ ያሉት ባለ 32 ቢት የአይፒ አድራሻዎች በሙሉ ከመስመር ይወጣሉ። ከመስመር የወጣ ንባብ ኤክሴፕሽን የሚያስነሳባቸው ፕሮሰሰሮች አሉ፤ በእነሱ ላይ እያንዳንዱ ንባብ ውድ ነው። መፍትሔው 2 ባይት ከፊት መተው ነው፦ 2 ሲደመር 14፣ 16። በከርነሉ ውስጥ ይህ ቁጥር ኔት አይፒ አላይን ይባላል። በኤክስ86 እና በፓወርፒሲ ግን ዜሮ ተደርጓል፤ ፕሮሰሰሮቹ ያልተሰለፈ ንባብ አያስቸግራቸውም፣ ካርዱ ካልተሰለፈ አድራሻ ጀምሮ በዲኤምኤ፣ ማለትም ያለ ፕሮሰሰሩ እጅ በቀጥታ ወደ ሜሞሪ፣ ሲጽፍ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ በድራይቨራችሁ ውስጥ 2ን በቁጥር አትጻፉ፤ ስሙን ጻፉ። የዲኤምኤ አድራሻው በ4 እንዲካፈል የግድ የሚል ካርድ ከሆነ ደግሞ 2ቱን ባይቶች ከፊት ባዶ ማድረግ ጨርሶ አትችሉም፤ ያኔ ያላችሁ ምርጫ ፓኬቱን ተቀብሎ ወደ ተሰለፈ በፈር ኮፒ ማድረግ ነው።

ከ2ቱ በተጨማሪ ኔት ኤስኬቢ ፓድ የሚባል ትራስ አለ፦ ከ32 እና ከፕሮሰሰሩ የካሽ መስመር (በአንዴ ከሜሞሪ የሚያመጣው ቁራጭ) ርዝመት የሚበልጠው። በኤክስ86 64 ይሆናል። ኔትዴቭ አሎክ ኤስኬቢ ይህን ራሱ ይጨምርላችኋል፤ መጨረሻው ላይ «አይፒ አላይን» ያለበት አቻው 2ቱንም ይጨምራል። ናፒ አሎክ ኤስኬቢም ሁለቱንም ያደርጋል። በእነዚህ እስከተጠቀማችሁ ድረስ ሪዘርቭን በእጅ መጥራት አያስፈልግም። እነሱ ያደረጉትን ሳያዩ ደግመው 2 የሚጨምሩ ድራይቨሮች ያጋጥማሉ፤ 2 ሁለቴ ሲጨመር 4 ይሆንና የአይፒ ሄደሩ 18 ላይ ያርፋል፣ ተመልሶ ከመስመር ወጣ ማለት ነው።

ፍጥነት የሚፈልጉ ድራይቨሮች ግን ኤስኬ በፉን አስቀድመው አይመድቡም። ባዶ ፔጅ፣ ማለትም ቋሚ መጠን ያለው የሜሞሪ ክፍል፣ ለካርዱ ይሰጣሉ፣ ፓኬቱ ከመጣ በኋላ ቢልድ ኤስኬቢ በሚባለው ፈንክሽን ፔጁን እንዳለ ኤስኬ በፍ ያደርጉታል። ኮፒ የለም። በዚህ መንገድ ከፊትም ከኋላም ቦታ የሚተወው ድራይቨሩ ራሱ ነው፤ ሒሳቡ ሲሳሳት የሚያርመው የለም። አብረን እንሥራው።

የ4096 ባይት ፔጅን ለሁለት ከፍለን ለእያንዳንዱ ፓኬት 2048 እንስጥ። ትልቁ ተራ ፓኬት ስንት ነው? 1500 ጭነት፣ 14 ሄደር፣ 4 የቪላን (ኔትወርክን የሚከፋፍል ምልክት) ታግ፣ 4 የፍተሻ ድምር፤ 1522። ከፊት 64 ሲተው 1586 ይሆናል፣ ወደ 64 ብዜት ሲጠጋ 1600። 320ውን ጨምሩበት፦ 1920። 128 ባይት ተረፈ፣ በቂ ነው።

አሁን ኤክስዲፒ ይምጣ፤ ፓኬቱ ገና ድራይቨሩ ጋ ሳለ ትንንሽ ፕሮግራሞች እንዲሠሩበት የሚያደርገው ማለቴ ነው። ኤክስዲፒ ፕሮግራሞች ሄደር ከፊት መጨመር ስለሚችሉ 256 ባይት ሄድሩም የተለመደ ነው። 256 ሲደመር 1522፣ 1778፤ ሲጠጋ 1792፤ ከ320 ጋር 2112። በ64 ባይት አለፈ! ግማሽ ፔጅ አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዱ ድራይቨር ለአንድ ፓኬት ሙሉ ፔጅ ይሰጣል፤ ሜሞሪው እጥፍ ሄደ። ሌላው ሄድሩሙን ወደ 192 ያወርደዋል። 192 ሲደመር 1522፣ 1714፤ ሲጠጋ 1728፤ ከ320 ጋር 2048። አንዲት ባይት ሳትተርፍ ሳትጎድል ገጠመ። ያማረ ነው፤ ግን በፀጉር ላይ የቆመ ሒሳብ ነው። በቅርብ ጊዜ ከርነሎች የፍራግመንት ቁጥሩ ሲገነባ ከ17 እስከ 45 ሊደረግ ይችላል፤ 45 ሲሆን ሼርድ ኢንፎው 768 ባይት ይደርሳል፣ ከፊት 64 ብቻ የሚተወው የመጀመሪያው ሒሳባችን እንኳ 2368 ሆኖ ይፈርሳል። 320ን በቁጥር የጻፈ ድራይቨር ያን ቀን ዋጋውን ይከፍላል። መጠኑን ሳይዝኦፍ የሚባለው የሲ ቋንቋ ትእዛዝ ይንገራችሁ።

ሙሉ ፔጅ ለሰጡትም ወሰን አለ፦ 4096 ሲቀነስ 256 ሲቀነስ 320፣ 3520 ባይት። በአንድ ፔጅ የሚሠራ የኤክስዲፒ ድራይቨር 9000 ኤምቲዩ፣ ማለትም 9000 ባይት ጭነት የሚይዝ ፓኬት፣ ሲጠየቅ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። 256ቱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የፕሮግራሙ አይደለም፤ ከርነሉ ፓኬቱን ወደ ሌላ ካርድ ሲያሻግር ኤክስዲፒ ፍሬም የሚባለውን መግለጫ በዚያው ሄድሩም መጀመሪያ ላይ ስለሚያስቀምጥ ያንን ቦታ ለፕሮግራሙ አይሰጥም።

ሪዘርቭ ተጠርቶ ካርዱ ሳይነገረው ሲቀርስ? ድራይቨሩ ለ1514 ባይት በፈር ይመድባል፣ 2 ይተዋል፣ ለካርዱ ደግሞ «1514 ባይት መጻፍ ትችላለህ» ይለዋል። የቀረው 1512 ነው። ካርዱ ሁለት ባይት አሳልፎ ሊጽፍ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፦ 1514 ሲደመር 64፣ 1578፣ ሲጠጋ 1600፤ በመጠጋጋቱ ብቻ 22 ባይት ትርፍ ስለተገኘ ስህተቱ እዚያ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። አንድ ቀን ኤምቲዩው ተለውጦ ድምሩ በትክክል የ64 ብዜት ላይ ሲያርፍ ሁለቱ ባይቶች ሼርድ ኢንፎው ላይ ይጻፋሉ። በቆዩ ከርነሎች የስትራክቱ የመጀመሪያ ባይት የፍራግመንቶቹን ብዛት የሚይዘው ነበር። በእነዚያ ላይ ኤስኬ በፉ ሲለቀቅ ከርነሉ የሌሉ ፍራግመንቶችን ሊለቅ ይሞክርና ይወድቃል፣ የውድቀቱ ዝርዝር በሆነው ትሬስ ላይ የድራይቨሩ ስም የትም የለም። በቢልድ ኤስኬቢ መንገድ ያው ስህተት ሌላ መልክ ይይዛል፤ ሼርድ ኢንፎው የሚጸዳው ፓኬቱ ከገባ በኋላ ስለሆነ ከርነሉ አይወድቅም፣ የፓኬቱ ጭራ ይበላሻል እንጂ። «ትልልቅ ፓኬቶች ብቻ ቼክሰም (የፍተሻ ድምር) ይሳሳታሉ» የሚል አቤቱታ ሲመጣ መጀመሪያ ይህን እዩ።

ወደ መላኪያው እንሻገር። ብዙ ካርዶች፣ በተለይ በዩኤስቢ የሚገናኙት፣ ከኢተርኔት ሄደሩ ፊት የራሳቸውን ሄደር ይፈልጋሉ። አርንዲስ የሚባለው የዩኤስቢ ፕሮቶኮል 44 ባይት ይጨምራል። ኤስኤምኤስሲ 95 የሚባሉት ቺፖች 8፣ ቼክሰሙን ቺፑ ሲሠራ 12። የቨርቹዋል ማሽኖች ካርድ የሆነው ቨርቲዮ ኔት በአብዛኛው 12። ድራይቨሩ ይህን ለከርነሉ የሚያሳውቀው በኔት ዲቫይስ ስትራክቱ ውስጥ ኒድድ ሄድሩም በሚባለው መስክ ነው። ሃርድ ሄደር ሌንን አትንኩት፤ የሁለቱ ትርጉም ይለያያል። ሃርድ ሄደር ሌን በሊንኩ ላይ በእርግጥ የሚጻፈው ሄደር ርዝመት ነው። እሱን ከ14 ወደ 22 ብታሳድጉት ጥሬ ፓኬት በሶኬት የሚልክ ፕሮግራም 22 ባይት ሄደር እንዲያመጣ ይጠበቅበታል፤ አጭር ፓኬቱም ሊጣልበት ይችላል።

ኒድድ ሄድሩም ግን ጥያቄ ነው፣ ዋስትና አይደለም። ከሌላ ካርድ ገብቶ ካርዶችን በሚያገናኝ ብሪጅ የሚያልፍ ፓኬት የእናንተን ጥያቄ አልሰማም። ስለዚህ በመላኪያ ፈንክሽናችሁ ውስጥ ከፑሽ በፊት ኤስኬቢ ካው ሄድ መጠራት አለበት። ቦታው ካለና ሄደሩ ከሌላ ኤስኬ በፍ ጋር ካልተጋራ ምንም ሳያደርግ ይመለሳል፤ ወጪው ሁለት ንጽጽር ነው። ከጎደለ አዲስ በፈር መድቦ ኮፒ ያደርጋል።

ቅደም ተከተሉ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። መጀመሪያ ሪንጉ ላይ፣ ካርዱ የሚላኩትን ፓኬቶች በሚያነብበት ወረፋ ላይ፣ ቦታ መኖሩን እዩ። ከዚያ ካው ሄድ። ካልተሳካ ፓኬቱን ራሳችሁ ልቀቁ፣ የተጣለውን ቁጠሩ፣ «ቲኤክስ ኦኬ» መልሱ። ከተሳካ ፑሽ፣ ከዚያ ሄደሩን መጻፍ። ሪንጉን የምታዩት ከፑሽ በኋላ ከሆነና ሞልቶ ስታገኙት «ቲኤክስ ቢዚ» ብትመልሱ፣ ከርነሉ ያንኑ ኤስኬ በፍ ቆይቶ መልሶ ይሰጣችኋል፤ እናንተም ሌላ 8 ባይት ትጨምሩበታላችሁ። መስመሩ ላይ የሚወጣው ሁለት ሄደር ያለው ፓኬት ነው። የሚታየው በጭነት ጊዜ ብቻ ስለሆነ በሙከራ ክፍል ውስጥ አይገኝም። ሌላው፣ ካው ሄድ በፈሩን ሊቀይር ስለሚችል ከእሱ በፊት የያዛችሁት የአይፒ ወይም የኢተርኔት ሄደር ፖይንተር ሁሉ ሙት ነው። ከጥሪው በኋላ እንደ አዲስ አውጡት።

ቨርቲዮ ኔት የሚያደርገውን እወድለታለሁ። ቦታ ካለ፣ አድራሻው ከተሰለፈና ሄደሩ ካልተጋራ ፑሽ ያደርጋል፤ አለዚያ ሄደሩን በተለየ ዲስክሪፕተር፣ ማለትም በሪንጉ ላይ ባለ ሌላ መዝገብ፣ ለብቻው ይልከዋል። ሃርድዌራችሁ ፓኬትን በቁርጥራጭ መቀበል ከቻለ ኮፒ ማድረግ ብቸኛው መንገድ እንዳልሆነ አስቡ።

ከርነሉ ራሱ ኒድድ ሄድሩምን እንዴት ይቆጥረዋል? ሃርድ ሄደር ሌንንና ኒድድ ሄድሩምን ይደምራል፣ ወደ ታች በ16 ያጠጋጋል፣ 16 ይጨምራል። ለተራ ኢተርኔት 14 ወደ 0 ወርዶ 16 ሲጨመርበት 16 ይሆናል። ለምን 14 አልሆነም? የተቀመጠ የኢተርኔት ሄደር ሲለጠፍ ለፍጥነት ሲባል 16 ባይት በአንዴ ይጻፋል፤ ሁለቱ ባይቶች ከሄደሩ ፊት ያርፋሉ። ሄድሩሙ 14 ብቻ ከሆነ ከበፈሩ ውጪ ተጻፈ ማለት ነው። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ከርነሉ ይህን እየፈተሸ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ ፓኬቱንም ይጥላል። «ሄደሬ 14 ነው፣ 14 ተውኩ» የሚል ኮድ የሚወድቀው በዚህ ነው።

ይህ ሒሳብ ቶነል ላይ ሲደርስ ጣዕሙ ይወጣል። ፓኬት በአንድ ካርድ ገብቶ፣ በብሪጅ አልፎ፣ ቪኤክስላን በሚባል የቶነል ዓይነት ታሽጎ በሌላ ካርድ ይውጣ። ካርዱ የተወው ሄድሩም 64 ነው። የሚያስፈልገው ደግሞ ለኢተርኔት 16፣ ለዩዲፒ 8፣ ለቪኤክስላን 8፣ ለውጭኛው አይፒ ቨርዥን 4 20፤ በድምሩ 52። ይበቃል፣ ኮፒ የለም። የውጭኛውን አይፒ ወደ ቨርዥን 6 ቀይሩት፤ 20ው 40 ይሆንና ድምሩ 72 ይደርሳል። 64 አልበቃም! ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ እያንዳንዱ ፓኬት አዲስ በፈርና ኮፒ አለው። ማንም ኮድ አልነካም፣ አንድ አድራሻ ነው የተቀየረው፣ ፕሮሰሰሩ ግን ተጨናነቀ። የካሽ መስመሩ 32 ባይት በሆነ ማሽን ላይ ደግሞ ቨርዥን 4ቱም አያልፍም።

ስለ ቴይልሩም አጠር አድርጌ ልናገር። ኢተርኔት ከፍተሻ ድምሩ ውጪ ቢያንስ 60 ባይት ይፈልጋል። የካርድ አድራሻ የሚጠየቅበት የኤአርፒ ጥያቄ 14 ሲደመር 28፣ 42 ነው፤ 18 ባይት መሞላት አለበት። በጥር 2003 ይፋ የሆነውና ኢተርሊክ የተባለው ቀዳዳ ከዚህ የመጣ ነው፦ ድራይቨሮች ርዝመቱን 60 ብለው ይልካሉ፣ 18ቱን ባይቶች ግን አያጸዱም፤ በሜሞሪ የቀረ የሌላ ፓኬት ቁራጭ ወደ መስመሩ ይወጣ ነበር። ዛሬ ኢተ ኤስኬቢ ፓድ በዜሮ ይሞላላችኋል። አንድ ወጥመድ አለው፦ ሳይሳካለት ሲቀር ኤስኬ በፉን ራሱ ይለቀዋል። ካው ሄድ አይለቅም፣ ይህ ይለቃል። ሁለቱን በአንድ የስህተት መውጫ ያገናኘ ድራይቨር አንዱን ሁለቴ ይለቃል ወይም ሌላውን ይረሳል። ደግሞም ፓኬቱ ፍራግመንት ካለው ቴይልሩም ሁልጊዜ ዜሮ ተብሎ ነው የሚመለሰው፤ በዓይናችሁ ቦታ ብታዩም።

በሌሎች ሥርዓቶች ስሙ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ፍሪቢኤስዲ ኢተር አላይን ብሎ ያንኑ 2 ባይት ይተዋል፣ ከፊት ለመጨመርም ኤም ፕሪፔንድ አለው፤ ቦታ ሲያጥር በሰንሰለቱ ፊት ኤምበፍ የሚባለውን የራሱን በፈር አዲስ ይቀጥላል እንጂ ፓኬቱን ኮፒ አያደርግም። ከከርነሉ ውጪ ፓኬት የሚያስተናግደው ዲፒዲኬ፣ ካልለወጡት በቀር፣ 128 ባይት ይተዋል።

አንደር ፓኒክ ሲመጣ መስመሩን ማንበብ ቀላል ነው። «ፑት» የሚለው ቁጥር ሊጨመር የተፈለገው ነው፣ «ሌን» ከተጨመረ በኋላ ያለው ርዝመት ነው፣ «ዳታ»ም ወደ ግራ ከተሳበ በኋላ ያለው አድራሻ ነው። ከሄድ ላይ ዳታን ቀንሱ፤ የጎደለው ባይት እሱ ነው። ፑት 8፣ ልዩነቱ 2 ከሆነ 6 ባይት ነበር ማለት ነው። በ64 ቢት ማሽን ቴይልና ኤንድ ከሄድ የተቆጠረ ርቀት ሆነው ስለሚታተሙ ከአድራሻዎቹ ጋር አታወዳድሯቸው።

ድምፅ የማያሰማውን ችግር ለማግኘት ደግሞ ካው ሄድ አዲስ በፈር ሲያስፈልገው የሚጠራው ፒኤስኬቢ ኤክስፓንድ ሄድ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚጠራ ቁጠሩ፤ ከርነሉን በሥራ ላይ ሳለ በሚቃኘው በቢፒኤፍትሬስ አንድ መስመር ይበቃል። ቁጥሩ ከፓኬቶቹ ቁጥር ጋር ከተቀራረበ ቦታ የሚያንሰው የት እንደሆነ የጠሪው ስታክ፣ ማለትም የጥሪዎቹ ሰንሰለት፣ ይነግራችኋል። ስትቆጥሩ ግን እንደ ቲሲፒዳምፕ ያለ ፓኬት የሚቀዳ መሣሪያ ክፍት እንዳይሆን። ለመሣሪያው ሲባል የሚወጣው ፓኬት ክሎን ይደረጋል፣ ማለትም ያንኑ በፈር የሚጋራ ሁለተኛ ኤስኬ በፍ ይወጣለታል፤ ክሎኑ ሳይለቀቅ ከቆየ ሄደሩ የተጋራ ይሆናል፣ ካው ሄድም ቦታ እያለ ኮፒ ያደርጋል፤ የምትቆጥሩት የራሳችሁን መሣሪያ ይሆናል። ለሙከራ ግን ሆን ብላችሁ ክፈቱት፦ ክሎኑ ሳይለቀቅ ከቆየ ካው ሄድን የዘለለ ድራይቨር ሄደር ሲያሻሽል ለውጡ በመሣሪያው ክሎን ላይ ሊታይ ይችላል።